ፋይሉን እያየሁት «የለም» ይለኛል፦ ዜሮኤምኪው በፓይ ዜሮ ላይ

ጫጩት_ጠባቂ (ደብረ ብርሃን)፣ ሰኞ ማታ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ማታ ታግዬ እጄን ሰጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ጫጩት ታሳድጋለች። የአንድ ቀን ጫጩት ትረከብና 45 ቀን ሲሞላቸው ትሸጣለች። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ውጪው ውርጭ ነው። አምና አንድ ሌሊት ከሰሉ ቶሎ ከስሞ ጠዋት ስንገባ ጥግ ላይ ተቆልለው አገኘናቸው። ሲበርዳቸው አንዱ ሌላው ላይ ይወጣና ይተፋፈናሉ። የዚያን ቀን የእናቴን ፊት አይቼ ነው ይህን ነገር የጀመርኩት።

ጫጩት ቤቱ ውስጥ ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ ደብልዩ የምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ አለች። ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር ገጥሜላታለሁ። በየደቂቃው ንባቡን በዋይፋይ ቤት ወዳለው ላፕቶፕ ትልካለች፣ ሙቀቱ ሲወርድ ላፕቶፑ ይጮሃል፣ እኔ ተነስቼ ከሰል እጨምራለሁ። ሐሳቡ ይኸው ነው። መላኪያው ዜሮኤምኪው የሚባለው፣ በፕሮግራሞች መካከል መልእክት የሚያመላልሰው ላይብረሪ እንዲሆን ፈለግኩ፣ ላፕቶፑ ላይ በፓይተን ሞክሬው በጣም ተመችቶኛል።

ችግሩ ቦርዷ ላይ ነው። የተለመደው የራስፕቤሪ ሲስተም አይደለም ያላት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሚሞሪ ካርዱ እየተበላሸ ሲያስቸግረኝ አንድ ጓደኛዬ በቢልድሩት (ለትንንሽ ቦርዶች ሊኑክስ ከሶርስ መሥሪያ ነው) ትንሽዬ ሲስተም ሠርቶ ጫነልኝ። ሩቱ (የሲስተሙ ፋይሎች ያሉበት) ለንባብ ብቻ ስለሆነ መብራቱ ቢሄድ ቢመጣ ግድ የላትም። ግን ፕሮግራም መጫኛዎቹ አፕትና ፒፕ የሉም፣ ሶርስን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለርም የለም። ጓደኛዬም አሁን አገር ውስጥ የለም፣ ኮንፊጉንም (ሲሠራት የመረጣቸውን ማስተካከያዎች) አላስቀረልኝም።

ስለዚህ ላፕቶፔ ላይ (ኡቡንቱ 22.04 ነው) የአርም (የቦርዷ ፕሮሰሰር ዓይነት) ኮምፓይለር ከአፕት አወረድኩ። የዜሮኤምኪውን 4.3.5 ሶርስ አምጥቼ ኮንፊገር ላይ ሆስቱን አርም ብዬ ሜክ አልኩት። አንድም ኤረር ሳያሳይ አለቀ። ላይብረሪውንና አንድ ትንሽ የሲ መሞከሪያ ቦርዷ ላይ ገልብጬ ሳስነሳው «ኖት ፋውንድ» አለኝ። ኤልኤስ እላለሁ፣ ፋይሉ ቁጭ ብሏል። የማስነሻ ፈቃዱም ትክክል ነው። ደግሜ አስነሳለሁ፣ የለም ይለኛል። ዓይኔ እያየ!

ዜሮኤምኪውን ከፓይተን ጋር የሚያገናኘው ባይንዲንጉም አልሆነም። ፓይዜድኤምኪውን ላፕቶፑ ላይ በፒፕ ጭኜ ማህደሩን እንዳለ ወደ ቦርዷ ገለበጥኩት። ኢምፖርት ስል ሞጁሉን አላገኘሁም ይላል። እሱም እዚያው ቁጭ ብሎ።

ያሳለፈበት ካለ ይርዳኝ።


የሮቢት_ሰው (ሸዋ ሮቢት)፣ ሰኞ ማታ 4፡05

ወንድሜ፣ መጀመሪያ መገመቱን አቁምና እነዚህን ላክልን። ላፕቶፕህ ላይ ያንን መሞከሪያ «ፋይል» በሚለው ትእዛዝ እየው፣ ለየትኛው ማሽን እንደተሠራና የትኛውን ኢንተርፕሪተር እንደሚጠራ ይነግርሃል። ቦርዱ ላይ ደግሞ ሊብ ውስጥ ገብተህ «ኤልዲ» ብሎ የሚጀምር ምን ፋይል እንዳለ፣ ፕሮክ ውስጥ ያለው ሲፒዩኢንፎ ምን እንደሚል፣ ኢቲሲ ውስጥ ያለው ኦኤስ-ሪሊዝ ምን እንደሚል ጻፍልን።

ብርድ አላችሁ እንዴ እዚያ? እኛ በዚህ ሰዓትም ቬንትሌተር ከፍተን ነው የተቀመጥነው።


ጫጩት_ጠባቂ፣ ሰኞ ማታ 4፡31

እህትህ ነኝ፣ «አንቺ» በለኝ።

መሞከሪያው 32 ቢት አርም ነው ይላል፣ ኢንተርፕሪተሩ «ኤልዲ-ሊኑክስ-አርምኤችኤፍ»። ቦርዷ ላይ ግን ያለው «ኤልዲ-መስል-አርምኤችኤፍ» ብቻ ነው። ኦኤስ-ሪሊዝ ላይ ቢልድሩት 2023.02 ይላል። ፓይተኑ 3.11 ነው።

ሲፒዩኢንፎ ደግሞ ራሱን ይቃረናል። ከላይ የሞዴሉ ስም ላይ አርም ቪ6 ይልና ወረድ ብሎ አርክቴክቸር 7 ይላል። የቱን ልመን?


የሮቢት_ሰው፣ ሰኞ ማታ 4፡38

ይቅርታ እህቴ።

የላይኛውን እመኚ። ፓይ ዜሮ ላይ ያለው ቺፕ ቢሲኤም2835 ነው፣ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር አርም1176፣ እሱ ደግሞ ቪ6 ነው። ያቺ 7 ቁጥር ስንቱን ሰው አሳስታለች መሰለሽ። በሽታው ተገኝቷል፣ ባና ለባሽ ከመጣ ጥሩ አድርጎ ያስረዳሻል፣ እኔ በስልክ መጻፍ ይሰለቸኛል።


ባና_ለባሽ (መሐል ሜዳ)፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

መጣሁ። ትናንት ማታ መብራት አልነበረም።

በመጀመሪያ «የለም» የሚለውን ነገር እንፍታው፣ ምክንያቱም ሰው የሚያብደው እሱ ላይ ነው። ፕሮግራሙን ስታስነሺ ከርነሉ ፋይሉን ይከፍትና «እኔን የሚጭነኝ እገሌ ነው» የሚል ስም ውስጡ ያነባል። ጂሊብሲና መስል ሁለት የተለያዩ የሲ ላይብረሪዎች ናቸው፣ ያንቺ ፋይል የሚጠራው የጂሊብሲን ጫኝ ነው። ቦርድሽ ላይ ያለው የመስል ነው። ከርነሉ የተጠራውን ሲያጣ «የለም» ብሎ ይመልሳል፣ የለም ያለው ግን ፋይልሽን ሳይሆን ጫኙን ነው። ደብዳቤው ደርሷል፣ ላዩ ላይ ግን «በአቶ እገሌ በኩል» ይላል፣ አቶ እገሌ ደግሞ በዚህ ቀበሌ አይኖሩም። ነገሩ ይኸው ነው። መልእክቱን እንዲህ አሳሳች አድርጎ የጻፈው ሰው ጫጩት አሳድጎ አያውቅም።

እና አሁን አንዳንዱ ይመጣና «ጫኙን ከኡቡንቱ ገልብጪላት» ይልሻል። አትስሚው። ጫኙ ጂሊብሲን ይጎትታል፣ ሲፕላስፕላሱ ሌላውን ይጎትታል፣ ጎን ለጎን ሁለት ሲስተም ታኖሪና በመጨረሻ የቱ ከየቱ ጋር እንደተጣላ ማወቅ ያቅትሻል።

ደግሞ ብትገለብጪውም አይሠራም። ከኡቡንቱ አፕት ያወረድሽው ኮምፓይለር የሚሠራው ለአርም ቪ7 ነው። ያንቺ ቦርድ ቪ6 ናት። ስለዚህ ቀጥሎ የሚጠብቅሽ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» (ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ) ነው። ኮምፓይለሩን «ለቪ6 ሥራልኝ» ብለሽ ብታዢውም የራስሽን ኮድ ብቻ ነው የሚያስተካክለው፤ ከእሱ ጋር ተዘጋጅተው የመጡት የማስጀመሪያ ፋይሎችና ሊብጂሲሲ፣ የሲፕላስፕላስ ላይብረሪውም ጭምር፣ ቀድመው ለቪ7 ተሠርተው ያለቁ ናቸው። እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ የጾም ሳምንት ፈጅቶብኛል። ፓይ 2፣ ፓይ 3ና ፓይ 4 ላይ ይህ ችግር የለም፣ ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ ያለው መመሪያ ሁሉ «ለእኔ ሠርቷል» የሚለው።

ወደ ባይንዲንጉ ልምጣ። ሰው ዜሮኤምኪውንና ፓይዜድኤምኪውን አንድ ነገር አድርጎ ያያቸዋል። ዜሮኤምኪው በሲፕላስፕላስ የተጻፈ ላይብረሪ ነው፣ ፓይተን የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ፓይዜድኤምኪው በሁለቱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ከፊሉ ተራ የፓይተን ፋይል ነው፣ እሱ የትም ይሄዳል። ከፊሉ ግን በሳይተን ተጽፎ ኮምፓይል የሚደረግ ነው፣ እሱ ከፕሮሰሰሩም ከፓይተኑ ቁጥርም ጋር የታሰረ ነው። ፒፕ ላፕቶፕሽ ላይ ያወረደልሽ ለ64 ቢት ኢንቴልና ለፓይተን 3.10 የተዘጋጀ ዊል (ተሠርቶ ያለቀ የፓይተን ፓኬጅ) ነው። የፋይሉን ስም ብታዪው ራሱ ጽፎታል። ያንቺ 3.11 በስሙ ብቻ አይቶ አልፎታል፣ ሊከፍተው እንኳ አልሞከረም። ሌላም ልንገርሽ፣ ያ ዊል ውስጡ የራሱን ዜሮኤምኪው ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ስንት ሰዓት የለፋሽበትን ላይብረሪ ዞር ብሎም አያየውም ነበር።

መፍትሔው ቦርዷን የወለዳትን ቱልቼይን (ኮምፓይለሩንና አብረውት ያሉትን ላይብረሪዎች) መልሶ መሥራት ነው። ጓደኛሽ ኮንፊጉን ባይተውልሽም ኦኤስ-ሪሊዙ ቁጥሩን ነግሮሻል። ቢልድሩት 2023.02ን አውርጂ። ለፓይ ዜሮ ደብልዩ የተዘጋጀ ዲፎልት ኮንፊግ አብሮት አለ፣ ከእሱ ተነሺ። ከዚያ ሜኑኮንፊግ ውስጥ ቱልቼይን የሚለው ጋ ገብተሽ የሲ ላይብረሪውን መስል አድርጊ፣ ሲፕላስፕላስን አብሪ፣ ያለ እሱ ዜሮኤምኪው በዝርዝሩ ላይ አይመረጥልሽም። ፓይተን 3ን፣ ዜሮኤምኪውን፣ ፓይዜድኤምኪውን ምረጪ። ሦስቱም እዚያው አሉ። የድሮዎቹ ፓይዜድኤምኪዎች ሲሠሩ የዜሮኤምኪውን ቁጥር ለማወቅ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ኮምፓይል አድርገው እዚያው ያስነሷታል፣ በክሮስ ኮምፓይል (በአንድ ማሽን ላይ ሆኖ ለሌላ ማሽን መሥራት) ጊዜ ደግሞ የአርም ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ አይነሳምና እዚያ ላይ ይሰበራል። ቢልድሩት ይህን አስቀድሞ አስተካክሎልሻል። በእጅሽ ብትሠሪው ግን ትደርሺበታለሽ።

ኢንተርኔትሽ እንደኔ በፓኬጅ ከሆነ «ሜክ ሶርስ» የምትባል ትእዛዝ አለች፣ ምንም ሳትሠራ የሚያስፈልገውን ሁሉ ብቻ ታወርዳለች። ዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ካለሽ ግቢ ኔት ላይ አስወርጂና በፍላሽ አምጪው። ሥራው ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ኮምፓይለሩን ራሱን ከዜሮ ነው የሚሠራው። መብራት ቢጠፋ አትደንግጪ፣ ካቆመበት ፓኬጅ ይቀጥላል። ግማሽ ላይ የተቋረጠው ፓኬጅ ካስቸገረ እሱን ብቻ «ዲርክሊን» ብለሽ ድገሚው።


ጫጫ_ኔት (ጫጫ)፣ ማክሰኞ ቀን 7፡20

ይህን ሁሉ አነበብኩት እና አንድ ጥያቄ አለኝ። ለምን?

ተራውን የራስፕቤሪ ሲስተም ጫኚ፣ ፓይዜድኤምኪውን ከአፕት አውርጂ፣ አሥር ደቂቃ ነው። ሚሞሪ ካርዱ እንዳይበላሽ ደግሞ ማስተካከያው ውስጥ ኦቨርሌይ የሚባል አለ፣ እሱን ስታበሪው እዚያም ሩቱ ለንባብ ብቻ ይሆናል።

ወይም ደግሞ ኤምኪውቲቲ የሚባለውን የመልእክት ፕሮቶኮል ተጠቀሚ። በ1999 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የነዳጅ ቧንቧ በሳተላይት ለመከታተል ነበር የተሠራው፣ ማለትም ልክ ላንቺ ዓይነት ሥራ፣ ትንሽ ቁጥር በደካማ መስመር መላክ። ፓሆ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪው ንጹሕ ፓይተን ነው፣ ማህደሩን ገልብጠሽ ኢምፖርት ማድረግ ብቻ። ኮምፓይል የሚባል ነገር የለም። ላፕቶፑ ላይ ሞስኪቶ የሚባለውን ብሮከር (መልእክት ተቀብሎ የሚያድለውን) ታስነሻለሽ፣ ከሌላ ማሽን እንዲቀበል ታስተካክዪዋለሽ፣ አለቀ።


ባና_ለባሽ፣ ማክሰኞ ቀን 8፡02

እውነት አለህ፣ አልከራከርህም። ከዜሮ ብትጀምር እኔም ፓሆን እላት ነበር። ግን ጥያቄዋ «ለምን የለም ይለኛል» ነው፣ ሌላ በሬ ግዢ ማለት ለታመመው በሬ መድኃኒት አይሆንም።


ጫጩት_ጠባቂ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡50

ጋሽ ባና ለባሽ እግዜር ይስጥልኝ፣ የእርስዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «በአቶ እገሌ በኩል» ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጫጫ ኔት፣ ኦቨርሌይ መኖሩን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን አሁን እልህ ይዞኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ላፕቶፑ ተዘግቶ ከሆነ ቦርዷ የምትልከው መልእክት የት ይሄዳል? ዜሮኤምኪውን የመረጥኩት መሀል ላይ ብሮከር ስለማይፈልግ ነው።


ባና_ለባሽ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡10

ጋሼ አትበዪኝ፣ 31 ዓመቴ ነው። ባና ስለለበስኩ ነው ያረጀሁት።

ፑሽ የሚባለውን የዜሮኤምኪው ሶኬት ተጠቅመሽ ቦርዷ በኮኔክት በኩል ከሆነች መልእክቱ ራሷ ላይ ይጠራቀማል። ልኩ ካልቀየርሽው 1000 መልእክት ነው። በየደቂቃው አንድ ከላክሽ 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ መላኩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ስክሪፕትሽም አብሮ ይቆማል። ፐብ ብትጠቀሚ ግን ሰሚ ከሌለ ይጥለዋል፣ ድምፁንም አያሰማ። እና አትርሺ፣ የተጠራቀመው ራም ላይ ነው። መብራት ከሄደ አብሮ ይሄዳል። ብሮከር የሌለበት ቤት ብሮከሩ አንቺው ነሽ።


የሮቢት_ሰው፣ ማክሰኞ ማታ 3፡25

አንድ አቋራጭ ልጨምር። የምትፈልጊው ቁጥር መላክ ብቻ ከሆነ ፓይዜድኤምኪው ሙሉውን ምን ያደርግልሻል? ቢልድሩት ላይ ዜሮኤምኪውን ብቻ ሥሪ። ፓይተኑ ውስጥ ሲታይፕስ አለ፣ በእሱ ላይብረሪውን በቀጥታ ክፈቺና አራት አምስት ፈንክሽን ጥሪ፣ ኮንቴክስት መክፈቻውን፣ ሶኬት መክፈቻውን፣ ኮኔክትና ሴንድን። ሃያ መስመር አይሞላም። ኮምፓይል የሚደረግ ባይንዲንግ የለም፣ የፓይተን ቁጥር ጣጣ የለም። እኔ ሽንኩርት ማሳ ላይ ላለው የውኃ ፓምፕ እንዲህ ነው ያደረግኩት።

አደራ፣ ፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ) የሚመልሱትን ፈንክሽኖች መልሳቸው ፖይንተር መሆኑን ንገሪው። ዝም ካልሽው ኢንት ነው ብሎ ያስባል። ቦርዷ 32 ቢት ስለሆነች እዚያ ይሠራልሻል፣ ያንኑ ስክሪፕት 64 ቢት ላፕቶፕ ላይ ስታስነሺው ግን አድራሻውን ግማሹን ቆርጦ ይጥልና ሴግፎልት ብሎ ይወድቃል። እኔ የቦርዱ ስክሪፕት ላፕቶፕ ላይ ሲወድቅ አይቼ ላፕቶፑን ነበር የረገምኩት።


ጫጩት_ጠባቂ፣ እሑድ ጠዋት 3፡00

ሠራ! ሠራ! ሠራ!

እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ። ረቡዕ የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሜክ ሶርስ አድርጋ ወደ አንድ ጊጋ የሚሆነውን በፍላሽ አመጣችልኝ። ማታ ጀመርኩት፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ላፕቶፑ ባትሪው እስኪያልቅ ሠርቶ ጠፋ። ጠዋት ሜክ ስለው ልክ እንደተባለው ካቆመበት ቀጠለ፣ ጂሲሲው ላይ ብቻ ስለተሰናከለ ዲርክሊን ብዬ ደገምኩት።

ኢሜጁን ሙሉ መቀየር ፈራሁ፣ የዋይፋይ ማስተካከያው ሁሉ የጓደኛዬ ስለሆነ። ስለዚህ ሩቱን ለጊዜው ለጽሕፈት ከፍቼ የዜሮኤምኪውን ላይብረሪ ብቻ ገለበጥኩ። አሁን ደግሞ ሌላ ኤረር፣ የሲፕላስፕላስ ላይብረሪውን ማግኘት አልቻልኩም አለ፣ ግን ይኼኛው ማን እንደጎደለና ማን እንደፈለገው በስም ተናገረ። ጓደኛዬ ሲሠራት ሲፕላስፕላስን አላበራም ነበር ማለት ነው። እሱንና ሊብጂሲሲን ከቢልድሩቱ ታርጌት ማህደር አምጥቼ ጨመርኩ። የሲ መሞከሪያዋ ተነሳች። ፓይዜድኤምኪውንም ሠርቼው ነበር፣ በኋላ ግን የሮቢት ሰው ሲታይፕስ አሸነፈኝ፣ 18 መስመር ነው የሆነው። ፖይንተሩንም አልረሳሁም።


ጫጫ_ኔት፣ እሑድ ጠዋት 3፡35

እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።

አንድ ነገር፣ ላፕቶፑ የሚጮኸው ሙቀቱ ሲወርድ ብቻ ነው? መብራት ሲጠፋ ቦርዷም ዋይፋዩም አብረው ይሞታሉ። መልእክት አይመጣም፣ ስለዚህ የወረደ ሙቀት የለም፣ ስለዚህ ላፕቶፑ አይጮህም። ጫጩቶቹ እየበረዳቸው ቤቱ ጸጥ ይላል። ሦስት ደቂቃ ምንም ካልመጣ ዝምታውም ይጩህ። ተቀባዩ ሶኬት ላይ የጊዜ ገደብ ማድረግ ነው፣ ሁለት መስመር።


ጫጩት_ጠባቂ፣ እሑድ ጠዋት 3፡41

ዋይ! አላሰብኩትም። አሁኑኑ።


ባና_ለባሽ፣ እሑድ ቀን 9፡10

ጫጫ ኔት ዛሬ በለጠን።

እህቴ፣ ያንን የሶርስ ፍላሽ አታጥፊው። ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ ስወርድ በደብረ ብርሃን አልፋለሁ፣ እኔም አንዲት ፓይ ዜሮ አለችኝ፣ እንደገና አንድ ጊጋ በፓኬጅ አላወርድም።


ጫጩት_ጠባቂ፣ ሰኞ ጠዋት 12፡50

ፍላሹ ይጠብቅሃል፣ ኮንፊጉም ውስጡ አለ።

ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ላፕቶፑ ጮኸ። መብራት ሄዶ ነበር፣ የጮኸው ዝምታው ነው። ስገባ እናቴ ቀድማኝ ከሰል እያራገበች ነበር። «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለችኝ። ለካ እሷ በየሌሊቱ በዚያ ሰዓት ነው የምትነሳው።